የድሮ ቲዩብ አምፖችን ድምፅ በናም ካፕቸር ማድረግ፦ ሐዋሳ ላይ ያለ ሎድ ቦክስ ይቻላል?

ታቦር_ሪትም፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ላይ ለአጭር ጊዜ በውሰት እጃችን የገቡ ሁለት የድሮ ቲዩብ አምፖች አሉ። አንዱ የጀርመኑ ክሌምት ኤኮሌት ኤም40 ነው፤ ሁለት ኢኤል34 ቲዩብ ያለው ሄድ (ስፒከር የሌለው አምፕ)፣ 220 ቮልት የሚሠራ። አብሮት የመጣው ባለ ሁለት ስፒከር ቦክስ ላይ ኦሙ አልተጻፈም። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ ሲልቨርፌስ ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ነው። ከጀርባው 117 ቮልት 60 ኸርዝ ይላል፤ የገመዱን ሦስተኛ እግር አንድ ሰው ቆርጦታል።

እንዲህ ዓይነት አምፕ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። ለባለቤቱ ከመመለሳቸው በፊት ድምፃቸውን በናም (የአምፕን ድምፅ ተምሮ የሚያስመስል ሶፍትዌር) ካፕቸር አድርገን ማስቀረት እንፈልጋለን። ያለን ዕቃ፦ ስካርሌት 2አይ2 ሦስተኛ ትውልድ የድምፅ ካርድ፣ አንድ ኤስኤም57 ማይክ፣ አንድ ፓሲቭ ዲአይ ቦክስ (የጊታርን ድምፅ ለማይክ መግቢያ የሚያመች)፣ መልቲሜትር፣ ጂፒዩ የሌለው ላፕቶፕ። ሪአምፕ ቦክስም (የተቀረጸን ድምፅ ወደ አምፕ መልሶ የሚልክ) ሎድ ቦክስም (በስፒከር ፋንታ የአምፑን ኃይል የሚቀበል) የለንም።

ለልምምድ ያህል አንድ ትንሽ አምፕ ላይ ስንሞክር ኢኤስአሩ (ሞዴሉ ከእውነተኛው አምፕ የራቀበት የስህተት መጠን) 0.09 ላይ ቆመ፤ ከጀርባ እምምም የሚል ድምፅም ገብቶበታል። ዋናዎቹን ከመንካታችን በፊት፦ ዕቃ ሳንገዛ ይህን መሥራት ይቻላል? ትዊኑን ምን ላይ እንሰካው? ትሬሞሎውና ሪቨርቡስ አብረው ይቀረጻሉ?


ሽቦ_ቀጣይ፦

ከድምፁ በፊት ኮረንቲውን እንጨርስ።

ትዊኑን በተቆረጠው ገመድ አትሰኩት። መጀመሪያ ባለ ሦስት እግር ገመድ ይግባለትና ኧርዙ በቀጥታ ከብረት አካሉ ጋር ይታሰር። ከጀርባው የግራውንድ ስዊች ካለው፣ ከስዊቹ ወደ ብረቱ የሚሄድ አንድ ካፓሲተር አለ። ያ ካፓሲተር አርጅቶ ሾርት ካደረገ ኮረንቲው በቀጥታ ብረቱ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በጊታሩ ገመድ በኩል ጣታችሁ ላይ ነው። ይነቀል፣ አይተካ። ይህን የሚሠራው የቲዩብ ዕቃ የሚያውቅ ሰው ይሁን። ከሶኬት ተነቅሎም እንኳ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ቀጥሎ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር። 500 ቪኤ ከሆነ ይበቃል። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ኦቶትራንስፎርመር ናቸው፤ ቮልቴጁን ያወርዳሉ እንጂ ከመስመሩ አይለዩም፣ ስለዚህ ኧርዙ እስከ መጨረሻው መድረሱን በመልቲሜትር አረጋግጡ። 110 ብቻ ነው የሚሰጠው ብላችሁም አትጨነቁ፤ እንዲያውም ይሻላል። የትዊኑ የራሱ ትራንስፎርመር ለ60 ኸርዝ ነው የተሠራው፤ በእኛ 50 ኸርዝ ሲሠራ የብረቱ ኮር 20 በመቶ ያህል ተጨማሪ ማግኔት ይሸከማል፣ ይግላልም። 117 ፋንታ 110 ስትሰጡት ጫናው ይቀንሳል፤ የቲዩቦቹ ማሞቂያም ከ6.3 ቮልት ወደ 5.9 ገደማ ይወርዳል፣ ይህ ችግር የለውም።

ሁለቱም አምፖች ለረጅም ጊዜ ተቀምጠው ከነበረ፣ መጀመሪያ ሲበሩ 100 ዋት ቢጫ አምፖል በተከታታይ ይግባ። ሲበራ ደመቅ ብሎ ቀስ በቀስ ከደበዘዘ ደህና ነው። ደምቆ ከቀረ ወዲያው አጥፉ፤ ውስጥ ሾርት አለ። ኤልኢዲ ወይም ኢኮኖሚ አምፖል ለዚህ አይሆንም።

ስታቢላይዘርን በተመለከተ፦ ጠቅ ጠቅ የሚለው ባለ ሪሌው ዓይነት ለካፕቸር አይሆንም። በቀረጻው መሃል ደረጃ ሲቀይር ቮልቴጁ ይዘላል፣ የጠቅታው ድምፅም መስመሩ ውስጥ ይገባል። ሞተር ያለው ሰርቮ ካገኛችሁ ጥሩ፤ ካልሆነ ያለ ስታቢላይዘር መብራቱ የተረጋጋበትን ሰዓት ምረጡ። ምሽት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ሁሉም ምጣድና ምድጃ ላይ ነው፣ አይሆንም። ቀንም በአካባቢያችሁ ብየዳ ቤት ካለ ተውት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ መልካም ነው። የሶኬቱን ቮልቴጅ ከቀረጻው በፊትም በኋላም ለክታችሁ ጻፉ። 220 የነበረው 198 ከሆነ የቲዩቦቹ ቮልቴጅ በሙሉ በ10 በመቶ ወርዷል፤ ያ ሌላ አምፕ ነው።

ርካሹን ኢንቨርተር ከባትሪ ጋር ልጠቀም ብላችሁ እንዳታስቡ። የሚያወጣው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ነው፤ ከስፒከሩ የሚወጣው ጥዝዝታ በምንም አይጠፋም።

እምምታውን በተመለከተ፣ የቀረጻውን ስፔክትረም ክፈቱና እዩ። 50 ኸርዝ ላይ ከሆነ የኧርዝ ወይም የገመድ ጉዳይ ነው። 100 ኸርዝ ላይ ከሆነ የአምፑ ፊልተር ካፓሲተሮች ደክመዋል።


ግማሽ_ቃና፦

ያለ ሎድ ቦክስ ይቻላል። እንዲያውም የራሱ ስፒከር እያለ ሎድ ቦክስ ባትጠቀሙ እመርጣለሁ። ቲዩብ አምፕ የሚወጣው ድምፅ ከፊቱ ባለው ስፒከር ይወሰናል፤ የስፒከሩ ኦም ቋሚ አይደለም፣ ታች በሬዞናንሱ አካባቢ ከፍ ይላል፣ ላይኛው ድምፅ ላይ ደግሞ እንደገና ይወጣል። ተራ ሬዚስተር ብቻ ያለበት ሎድ ይህን ስለማይሰጥ አምፑ ደረቅና ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀረጻል። ብቻ አንድ ነገር፦ ያለ ስፒከር ወይም ያለ ሎድ አንድም ሰከንድ ድምፅ እንዳታስገቡበት። አውትፑት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል፤ የኤም40 ትራንስፎርመር ደግሞ በቀላሉ አይገኝም።

የኤም40ን ስፒከር ቦክስ ከአምፑ ነቅላችሁ በመልቲሜትር ለኩት። ከ6 እስከ 7 ካነበበ 8 ኦም ነው፤ ከ3 እስከ 3.5 ከሆነ 4፤ ከ11 እስከ 13 ከሆነ 16። በሄዱ ጀርባ ያሉትን መውጫዎች ደግሞ በጥንቃቄ አንብቡ። በዚያ ዘመን የጀርመን ዕቃ ላይ ለአዳራሽ ስፒከር የሚሆን 100 ቮልት መስመር አንዳንዴ አለ፤ እዚያ ላይ ተራ ስፒከር አይሰካም። ትዊኑ ጥያቄ የለውም፤ ሁለት 8 ኦም ስፒከሮች በፓራለል፣ 4 ኦም።

መውጫውን ለመቅረጽ ሁለት ሬዚስተር ይበቃል፦ 10 ኪሎ ኦም እና 1 ኪሎ ኦም፣ ሁለቱም ግማሽ ዋት። 10 ኪሎው ከስፒከሩ ፖዘቲቭ ይነሳል፣ 1 ኪሎው ከእሱ ቀጥሎ ወደ ኔጌቲቩ ይወርዳል። የሚገናኙበት ነጥብ ወደ ስቴሪዮ ጃክ ጫፍ፣ የስፒከሩ ኔጌቲቭ ወደ ቀለበቱ፤ ሺልዱን በአምፑ በኩል አታገናኙት፣ በስካርሌቱ በኩል ብቻ ይታሰር። እንዲህ ከሆነ የኧርዝ ሉፕ አይፈጠርም። ሁለቱም አምፖች ሙሉ ሲጮኹ ስፒከሩ ላይ 18 ቮልት ገደማ ይኖራል፣ ሲደፈርስ (ዲስቶርት ሲያደርግ) እስከ 25። ይህ ማከፋፈያ በ21 ዴሲቤል ያወርደዋል፣ ማለትም 2.3 ቮልት ቢበዛ። የስካርሌት ላይን ኢንፑት በደንብ ይችለዋል። «ኢንስት» (የጊታር መግቢያ) የሚለው መብራት መጥፋቱን እዩ። 10 ኪሎውን በስህተት 100 ኦም ካደረጋችሁት የስፒከሩ ቮልቴጅ ሳይወርድ ስካርሌቱ ውስጥ ይገባል፣ ከሚችለውም በላይ ይሆናል፤ የቀለም ቀለበቱን አንብባችሁ አታምኑ፣ ለኩት።

ከስፒከሩ ኔጌቲቭ ወደ አምፑ ብረት ያለውንም ኦም ለኩ፤ ትዊኑ ላይ ዜሮ አካባቢ ነው። ኤም40 ላይ ክፍት ከሆነ ከላይ ያልኩት ባለ ሦስት ነጥብ አሠራር እንዳለ ይሠራል፣ ግን ሞኖ ጃክ አትጠቀሙ።

አሁን መግቢያው። ብዙ ካፕቸር የሚበላሸው እዚህ ነው። የስካርሌቱ መውጫ ላይን ነው፤ ጊታር አይደለም። ፓሲቩን ዲአይ ቦክስ ገልብጡት፦ ከስካርሌት መውጫ 1 በስቴሪዮ ጃክ ወደ ካነን ገመድ ወደ ዲአዩ ካነን፣ ከዲአዩ ኢንፑት ጃክ ደግሞ በጊታር ገመድ ወደ አምፑ። ግራውንድ ሊፍቱ ክፍት ይሁን፣ ፓዱ ይጥፋ። አክቲቭ ዲአይ ሲገለበጥ አይሠራም። ትራንስፎርመሩ በዚህ አቅጣጫ ቮልቴጁን በ20 ዴሲቤል ገደማ ስለሚጨምረው የሞኒተሩን ማዞሪያ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ።

መጠኑን በጆሮ አትገምቱ። ከአምፑ በፊት የዲአዩን ጫፍ መልሳችሁ ስካርሌት ኢንፑት ላይ ሰኩ፤ «ኢንስት» ይብራ፣ ጌኑ ዜሮ ላይ። ከሶፍትዌሩ 200 ኸርዝ ሳይን በ−12 ዲቢኤፍኤስ (ከዲጂታል ጣሪያው 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ) ልቀቁ፤ የሚመለሰውም −12 እስኪሆን የሞኒተሩን ማዞሪያ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ሲደርስ ማዞሪያውን በፕላስተር ለጥፉት፣ ማንም አይንካው። ለማዳመጥ ኢርፎን ተጠቀሙ። የዚያ ኢንፑት ጣሪያ በዝቅተኛ ጌን 12.5 ዲቢዩ (በዴሲቤል የተለካ ቮልቴጅ) ነው፤ መልቲሜትር ለማመሳከር ካስቀመጣችሁ በ−12 ላይ 0.82 ቮልት አካባቢ ማንበብ አለበት። 200 ኸርዝ ያልኩት ርካሽ መልቲሜትር 1000 ኸርዝ ላይ ስለሚዋሽ ነው። ናም ውስጥ የኢንፑት ደረጃ ሲጠይቅ 12.5 ብላችሁ ሙሉ። ይህን ካደረጋችሁ ሌላ ሰው ካፕቸሩን ሲከፍት ጊታሩ አምፑን የሚገፋው በትክክለኛው ኃይል ነው። ደረጃው 10 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ከተቀረጸ ግን አምፑ ሲደፈርስ ሞዴሉ ጨርሶ አላየውም፤ በኋላ ጌን ቢጨመርለት የሚሰጠው ግምት ነው።

እግረ መንገዳችሁን ዲአዩን ራሱን ፈትሹት። በዚያው ሉፕ ላይ በሩም ኢኪው ዊዛርድ ስዊፕ (ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚያልፍ ድምፅ) ልቀቁ፤ ሶፍትዌሩ በነጻ ነው። ከ80 ኸርዝ እስከ 10 ኪሎኸርዝ ድረስ ከ1 ዴሲቤል በላይ ካልወረደ ይሆናል። 80 ያልኩት የጊታር ታችኛው ሚ 82 ኸርዝ ስለሆነ ነው። ከአሮጌ የስልክ ሞደም ትራንስፎርመር ነቅለው ሪአምፕ የሚሠሩ አሉ፤ ያ ዕቃ የተሠራው ከ300 ኸርዝ በላይ ላለ የሰው ድምፅ ነው፣ ባሱን ይበላዋል።


ታቦር_ሪትም፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ጋሽ ሽቦ፣ የገመዱን ነገር እንዳሉት አሠርተን ነው የምንቀጥለው። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፦ ገመዱ ሲቀየር ካፓሲተሮቹም አብረው ይቀየሩ የሚል ጠጋኝ አለ። ከቀረጻው በፊት ይቀየሩ ወይስ በኋላ? ድምፁ እንዳይለወጥ ብለን ነው። ግማሽ ቃና፣ ማይኩንስ ለየብቻ ሌላ ጊዜ እንቅረጸው?


ሽቦ_ቀጣይ፦

የፓወር ፊልተሮቹ ካበጡ፣ ካፈሰሱ ወይም አምፖሉ ካልደበዘዘ በፊት ይቀየሩ። ውይይት የለውም። የደከመ ፊልተር የሚጨምረው ድምፅ እምምታ ነው። በድምፅ መስመሩ ላይ ያሉት ትንንሾቹ ካፓሲተሮች ዲሲ እስካላሳለፉ ድረስ አይነኩ፤ የአምፑ ጠባይ እዚያ ነው ያለው፣ ባለቤቱም ሳይፈቅድ መነቀል የለባቸውም። የሚያሳልፉ መሆናቸውን ለማወቅ ማዞሪያዎቹን አዙሩ፤ ሲዞሩ ጩርርር ካሉና ኮንታክት ክሊነር ተረጭቶባቸውም ካልተዋቸው ዲሲ አለ።


ጥቁር_ቴፕ፦

ስለ ማይኩ ልመልስ። ለየብቻ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ቅረጹ፤ ስካርሌቱ ሁለት መግቢያ አለው። አንዱ ላይ ማከፋፈያው፣ ሌላው ላይ ኤስኤም57። በአንድ ማለፊያ ሁለት ፋይል ይወጣል፦ አንዱ አምፑ ብቻ፣ ሌላው አምፕ ከነስፒከሩ። ሁለቱን ለየብቻ ታሠለጥናላችሁ።

የስፒከሩን አይአርም (ስፒከሩና ማይኩ ድምፁን የሚለውጡበትን አሻራ የያዘ አጭር ፋይል) ከዚሁ ማውጣት ይቻላል። አምፑን ንጹሕ ድምፅ ላይ አድርጋችሁ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ስዊፕ በዝቅተኛ ድምፅ ልቀቁ፤ ከዚያ የማይኩን ቀረጻ በማከፋፈያው ቀረጻ ዲኮንቮልቭ አድርጉት (ሁለተኛውን ከመጀመሪያው በስሌት ማውጣት ነው)። ሁለተኛው የተቀረጸው ከስፒከሩ ጫፍ ላይ ስለሆነ አምፑ ይጣፋና ስፒከሩና ማይኩ ብቻ ይቀራሉ። 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ 2048 ሳምፕል አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ 43 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፣ ለቅርብ ማይክ ይበቃል። ማይኩ ከጨርቁ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ይራቅ፣ የመሃሉ ቆብ ከኮኑ በሚገናኝበት ጠርዝ ፊት ለፊት። መሃሉ ላይ ካደረጋችሁት ይወጋል። ክፍሉ ብሎኬትና ቆርቆሮ ከሆነ ከስፒከሩ ጀርባና ጎን ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ዝናብ ሲጀምር ደግሞ ማይኩን እርሱት፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የሐዋሳ ዝናብ ከትዊን ጋር ይፎካከራል። ማከፋፈያው ግን ዝናብም ባጃጅም አይሰማም፣ እሱን መቀጠል ትችላላችሁ።

ወደ ፋይሉ ስመጣ። ናም የሚሰጣችሁ የሙከራ ፋይል 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ አካባቢ ነው፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ሞኖ። ፕሮጀክቱ 44.1 ላይ ከሆነ ሶፍትዌሩ ሳይነግራችሁ ይቀይረዋል፤ ከዚያ ምንም ብታደርጉ አይሠለጥንም። ኖርማላይዝ፣ ፌድ፣ ፕለጊን፣ አንዱም አይኑር። የሚወጣው ፋይል ርዝመት ከሚገባው ጋር በሳምፕል እኩል ይሁን። ከፍተኛው ጫፍ −6 አካባቢ ይበቃል። ማጫወቱም መቅረጹም በዚያው ስካርሌት ይሁን፤ በስልክ አጫውቶ በሌላ ካርድ የሚቀርጽ አለ፣ የሁለቱ ዕቃዎች የውስጥ ሰዓት (ክሎክ) ስለማይገጥም ፋይሉ መጨረሻ ላይ ተንሸራቶ ይገኛል። ላፕቶፑ ከቻርጀር ይነቀል፤ የእናንተ እምምታ ግማሹ ከዚያ ቢሆን አይደንቀኝም።

አምፑ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይሙቅ። የሙከራ ፋይሉ መጀመሪያና መጨረሻው ላይ ያው ቁራጭ ተደግሟል፤ አምፑ በመሃል ከተለወጠ ወይም መብራቱ ከዘለለ ሁለቱ አይመሳሰሉም፣ ትሬይነሩም ያስጠነቅቃችኋል። ማስጠንቀቂያውን አልፋችሁ አታሠልጥኑ፣ ድገሙት።

ትሬሞሎና ሪቨርብን በተመለከተ፦ አይቀረጹም። መደበኛው ሞዴል ወደ ኋላ የሚያስታውሰው 85 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ሪቨርብ ከዚያ በላይ ይረዝማል፤ ትሬሞሎ ደግሞ ከሚገባው ድምፅ ጋር ሳይገናኝ በራሱ ጊዜ ይወጣል ይወርዳል፣ ሞዴሉ ከየት ያውቀዋል? ትዊኑ ላይ ሪቨርቡን ዜሮ፣ የትሬሞሎውን ኢንቴንሲቲ ዜሮ አድርጉ፤ ይበልጥ ንጹሕ ከፈለጋችሁ ኖርማል በሚለው ቻናል ግቡ። የስፕሪንጉን ድምፅ የግድ ካላችሁ በአይአር ለብቻ ይወሰዳል፤ ዲጂታል ትሬሞሎም ከኋላ መጨመር ይቻላል። የቴፕ ኤኮም እንዲሁ ነው፣ ከሲግናሉ መስመር ይውጣ።

ማሠልጠኛው፦ ጂፒዩ በሌለው ላፕቶፕ ሰዓታት ይፈጃል፣ መብራት ከሄደም ተመልሶ ከዜሮ ነው። ጉግል ኮላብ (በኢንተርኔት ጂፒዩ የሚያውስ) ላይ አድርጉት። እያንዳንዱ ፋይል 27 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ የሙከራ ፋይሉ አንዴ ከተጫነ በኋላ የሚጨመረው የቀረጻው ብቻ ነው። 100 ኢፖክ (የሥልጠና ዙር) መነሻው ነው። ታቡን ዘግታችሁ ከሄዳችሁ ይቋረጣል፤ እንዳለቀ ወዲያው ፋይሉን አውርዱ፣ ኮላብ አያስቀምጥላችሁም።

ኢኤስአር 0.01ና ከዚያ በታች ከሆነ በጆሮ መለየት ያስቸግራል። የእናንተ 0.09 የሶፍትዌር ችግር አይመስለኝም። እምምታ ከሚገባው ድምፅ ጋር ግንኙነት ስለሌለው ሞዴሉ ሊማረው አይችልም፣ እንደ ስህተት ነው የሚቆጠረው። ኢፖክ ወደ 500 ከማሳደግ ገመድ መቀየር ይቀላል። በጣም የደፈረሰ ድምፅ ላይ 0.03 ቢሆን ግን ተስፋ አትቁረጡ፤ በጆሮ አወዳድሩት።


ግማሽ_ቃና፦

ጥቁር ቴፕ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ማይክ ያለበትን ካፕቸር ለየብቻ ማሠልጠን ጊዜ ማባከን ነው። አምፑ ብቻውን ካለና አይአሩ ካለ ያው ነው፤ እንዲያውም በኋላ ሌላ ስፒከር መግጠም ይቻላል። ያንን ጊዜ ለማዞሪያዎቹ አውሉት። አንድ ካፕቸር የአንድ ማዞሪያ ቦታ ብቻ ነው የሚይዘው። ትሬብል፣ ሚድልና ባስ በአንድ ቦታ ይቁሙና የትዊኑን ቮሊዩም በ2፣ በ3፣ በ4፣ በ5፣ በ7 ቅረጹ። ብራይት ስዊቹ ዝቅተኛው ቮሊዩም ላይ ነው ልዩነቱ የሚሰማው፤ በ2 እና በ3 ላይ ተከፍቶም ተዘግቶም ይቀረጽ፣ ከ7 በላይ ግድ የለም። ኤም40ን ሊደፈርስ ሲል ባለው ቦታ ዙሪያ አጥብቃችሁ ቅረጹ። ትዝታ ወይም አንቺሆዬ በነጠላ ክር ሲጫወት ድምፁ ገና መቧጠጥ የሚጀምርበት ቦታ ነው የሚፈለገው፤ ሙሉ የደፈረሰውን ከሌላም ቦታ ታገኙታላችሁ።


ጥቁር_ቴፕ፦

ማይኩን የምለው አይአር ስፒከሩ ራሱ ሲጨናነቅ ያለውን ስለማይዝ ነው። የድሮ ወረቀት ኮን በ7 ቮሊዩም የራሱ መደፍረስ አለው። በ2 እና በ3 ላይ ከሆነ እስማማለሁ፣ አይአር ይበቃል። በ5 እና በ7 ላይ ግን ማይኩን አሠልጥኑ፤ ፋይሉ አስቀድሞ ተቀርጾ ስላለ ትርፉ ድካም የኮላብ ጊዜ ብቻ ነው።

የፋይል ስም ላይ የአምፑን ስም፣ ቻናሉን፣ የእያንዳንዱን ማዞሪያ ቁጥርና ጋሽ ሽቦ ያሉትን የሶኬት ቮልቴጅ ጻፉ፤ «ትዊን_ኖርማል_ቮ5_ት6_ሚ4_ባ4_218ቮ» እንደ ማለት። የማዞሪያዎቹን ፎቶ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ፤ ከጎን ከተነሳ 4 እና 5 አይለዩም። ጥሬ ዌቭ ፋይሎቹን ሥልጠናው አለቀ ብላችሁ አትደምስሱ፤ የተሻለ ሞዴል ሲመጣ በዚያው ቀረጻ እንደገና ይሠለጥናል፣ አምፑ ግን ያኔ እጃችሁ ላይ የለም።


ሽቦ_ቀጣይ፦

በ7 ቮሊዩም የምትቀርጹ ከሆነ በሁለት ቀረጻዎች መሃል አምፑን ስታንድባይ ላይ አድርጉና የአምፑን ትራንስፎርመር በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ለዚያ ቀን ይበቃዋል። የኤም40ን ኢኤል34ቹ ብረት ሳህንም የክፍሉን መብራት አጥፍታችሁ እዩ፤ መሃሉ ላይ ቀይ ነጥብ ካለ አምፑን ወዲያው አጥፉና ባያሱ (የቲዩቦቹ የዕረፍት ኮረንቲ ማስተካከያ) ይታይ።